በስምህ የተናገርኩት

ጎንደር፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

አለሜ፣ ይቺ ወረቀት በጤናህ ታግኝህ። እኔ ደህና ነኝ፣ ፊደሌ ቢጣመም እንዳትስቅብኝ። በስልክ ያልነገርኩህ ስደውልልህ ሁሌ ድምፁን ከፍ ስለምታደርገው ነው፣ አብሮህ የሚሠራው ወንዴም ሁሉን ይሰማል። ይሄ ላንተ ብቻ ነው።

ትናንት ክሊኒኩን ስጠርግ ምን አየሁ መሰለህ፣ ካርድ ክፍል የምትሠራዋ ሄለን እናንተ የሠራችሁትን ማሽን ከፍታ የአንዲት የእንፍራንዝ ሴትዮ ካርድ ለዘበኛው ለአለነ ታነብለታለች፣ እየሳቀች። ምን እንዳለባት፣ ምን እንደምትውጥ፣ ሁሉን። ሴትዮዋ እኮ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ተራዋን ትጠብቃለች።

"ምነው ሄለን፣ ይሄ ሐኪሙ ብቻ የሚያየው አይደለም ወይ?" አልኳት።

"ማሽኑ መች ይጠይቃል፣ 'ሐኪሙ ነኝ' ብዬ ጻፍኩበት፣ ከፈተልኝ። አንቺ መጥረጊያሽን ያዢ" አለችኝ።

አለነም "ጠርገሽ ስትጨርሺ አንቺም 'ሐኪም ነኝ' በይና መርፌ ውጊን" ብሎ ሳቀ።

አለሜ፣ አንተ እኮ አስረድተኸኛል። ማሽኑ ውስጥ ከርነል የሚባል አለ፣ ሁሉን የያዘው እሱ ነው፣ ሌሎቹ ፕሮግራሞች ከደጅ ሆነው "ቤቶች" እያሉ የሚለምኑት ናቸው ብለኸኛል። ታዲያ ደጅ የቆመ ሁሉ "እገሌ ነኝ" ባለ ቁጥር በር ይከፈታል ወይ? ሰው እንኳ ሥራ ሲገባ ዋስ ይጠራል። አንድ ዋስ የሚሆን ፕሮግራም ይኖራል፣ የይለፍ ቃሉን የሚጠይቀው እሱ ብቻ ነው፣ ከርነሉም ከእሱ በቀር ማንንም አያምንም ያልከኝ አንተው ነህ። ዋሱ "አውቃታለሁ፣ ሄለን ናት" ሲል ከርነሉ "ሄለን" ብሎ ይጽፍባታል፣ ከዚያ ወዲያ የምትከፍተው ፕሮግራም ሁሉ ያንን ስም ይዞ ይዞራል፣ ራሱ ሊቀይረው አይችልም። ሸጋ ነበር። ወንዴ "ጊዜ ይፈጃል፣ ለጊዜው ፕሮግራሙ ያለውን ይመን" ቢልህ ተውከው።

አሁን ሰኞ የላይኛው ክፍል ካርዶች በሙሉ ማሽኑ ውስጥ ይገባሉ ተባለ። የላይኛው ክፍል ማለት መድኃኒቱን ዕድሜ ልካቸውን ሳያቋርጡ የሚወስዱት ናቸው። ይሄን ስሰማ ባልዲዬን ጥዬ የክሊኒኩ ባለቤት አያ ህሩይ ዘንድ ገባሁና "አለምነህ ደውሎ ነበር፣ እኔ ሳልመጣ አንድም ካርድ እንዳታስገቡ ብሏል" አልኳቸው።

አልደወልክም። በስምህ ዋሸሁ። እሳቸውም "ምነው ለእኔ አልደወለም?" እንኳ አላሉም፣ "እሺ፣ ይቁም" አሉ። ልክ እንዳንተ ማሽን፣ ስም ጠራሁ፣ አመኑኝ።

ሰኞ ሳይደርስ ይደውሉልሃል፣ ለዚህ ነው ወረቀቷን በነገው አውቶቡስ የምልካት። "እኔ አላልኩም" ካልክ እኔም ከሥራዬ እባረራለሁ፣ ካርዶቹም ይገባሉ። አዎ ብያለሁ በል። ወንዴ ቢቆጣ ይቆጣ። በጣም ፈርቻለሁ አለሜ፣ ግን ቆርጫለሁ፣ መጥተህ እስክታስተካክለው ድረስ ያንን የላይኛውን ክፍል አልለቅም፣ ቢያስወጡኝም ደጁ ላይ እቀመጣለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ። የሠራኸው አንተ ስለሆንክ የሁሉንም ካርድ መክፈት ትችላለህ አይደል፣ እንደዚያ እንዳታደርገው። አንተም እንዳትችል አድርገህ ሥራው። ካልሆነልህ ደግሞ የትነበርሽ የሚል ብታይ እንዳትከፍተው፣ እኔ ራሴ በአፌ እነግርሃለሁ፣ ፊትህን እያየሁ።

ነገ ሚካኤል ነው፣ ለሁለታችንም እሳለማለሁ፣ መንገድህን ያቅናልህ። አንተም ከመምጣትህ በፊት እዚያው አዲስ አበባ ደምህን ተመርመር። ለምን አትበለኝ፣ ብቻ ተመርምረህ ና።

ያንተው
የትነበርሽ