ቁጥር ተለጥፎባት ስለተወረሰችው ብስክሌቴ

ለተከበሩ የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ
ከቢሮዎ ባይገኙም፣ ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደምን ከርሟል? የወገብዎ ሕመም በዚያ በሚሽከረከረው አዲሱ ወንበርዎ እንደተሻለልዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በመዝገብ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያገለገልኩ፣ ፋይል ሲጠፋ ብቻ የምታወስ ሠራተኛዎ ነኝ። ተመስገን፣ ደህና ነኝ፤ ከሦስት ሳምንት ወዲህ ጉልበቴ ሳይቀር ጠንክሯል። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት፣ ከላክሁልዎ ሦስት ማመልከቻዎች የሁለቱ ወሬ ስለጠፋ፣ የሦስተኛው መልስ ደግሞ ለእኔ ብቻ እንዳይቀር ስለሳሳሁለት ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። እናቴ ከወደቀች ወዲህ ብቻዋን አትተውም። ቀን ቀን የምትጠብቃት ታናሽ እህቴ ናት፤ ነርስ ስለሆነች ለማታ ፈረቃዋ አሥራ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ላይ ከቤት መውጣት አለባት። እኛ ከሥራ የምንወጣው ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። አውቶቡሱ፣ ሰልፉ ሳይቆጠር፣ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ በብስክሌት ግን ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። እህቴ በማርፈዷ ሁለት ማስጠንቀቂያ ተጽፎባታል፤ ሦስተኛው ስንብት ነው። ስለዚህ በአርባ ሰባት ዓመቴ ከጎረቤታችን ከአናጢው አሮጌ ብስክሌት ገዛሁ። የመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት በጭነት መኪኖች መሀል ነፍሴ በእጄ ነበረች፤ ሁለት ሾፌሮች ሰደቡኝ፣ አንድ ሽማግሌ መረቁኝ። ላቤን እየጠረግሁ ሃያ ደቂቃ ቀድሜ በመሥሪያ ቤታችን በር ላይ ስደርስ ግን ዓለም የእኔ ነበረች። ከዚህ በኋላ ለሆነው ሁሉ ምስጋናው የእርስዎ ነው።

1ኛ. ስለ በሩ። ጥበቃው ብስክሌት ይዞ የመጣ ሠራተኛ አይቶ ስለማያውቅ ደውሎ ሲጠይቅዎ፣ «ተሽከርካሪ አይደለችም፣ ዕቃ ናት» ብለው ሳይውሉ ሳያድሩ መወሰንዎን አደንቃለሁ። በዚሁ መሠረት በዕቃ መግቢያ መዝገብ ላይ፣ ብዛት አንድ፣ ሁኔታ ያገለገለ፣ ተብላ ገባች። ለመውጣት ግን የዕቃ መውጫ ፈቃድ፣ የንብረት ክፍል ማኅተምና የእርስዎ ፊርማ አስፈለጋት። እርስዎ አሥር ሰዓት ላይ ለስብሰባ ወጥተው እንደማይመለሱ፣ ስብሰባውም በየቀኑ እንደሆነ አላወቅሁም ነበር። ብስክሌቴ ዕቃ ግምጃ ቤት ገባች፤ እኔም አውቶቡስ ሰልፍ ገባሁ። ቤት ስደርስ እህቴ ጫማዋን አጥልቃ፣ ቦርሳዋን ታቅፋ በሩ ላይ ታለቅስ ነበር። ያን ዕለት ሦስተኛው ደብዳቤ ያልተጻፈባት አለቃዋ ከእርስዎ የተሻለ ልብ ስለነበራት ብቻ ነው።

2ኛ. ስለ ጨዋነታችን። በማግስቱ የተሰራጨው የሴት ሠራተኞችን አለባበስ የሚመለከተው ማስታወሻዎ የማንንም ስም አለመጥራቱ ትሕትናዎን ያሳያል። በብስክሌት የምትመጣው ሴት አንዲት ብቻ ስለሆነች ማን እንደሆነች ለማወቅ ግን አልተቸገርንም። በዚህ ዕድሜዋ በሰው ፊት እግሯን እያወራጨች የመሥሪያ ቤቱን ገጽታ ታበላሻለች ብለዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ ጎማው ተንፍሶ ከበሩ ፊት ለፊት የተገተረው፣ ድመት የወለደችበት ፒካፕ፣ ገጽታችንን ብቻውን ሲጠብቅ ኖሯልና ምስጋናው አይጉደልበት። እኔ ሱሪዬን ለብሼ መምጣቴን እቀጥላለሁ። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር በትሕትና አልጻፍኳትም።

3ኛ. ስለ ቆጠራው። በዚያው ማክሰኞ ጠዋት ዓመታዊው የንብረት ቆጠራ ኮሚቴ ግምጃ ቤት ገባ። ኮሚቴው ያየውን ሁሉ ይቆጥራል፤ መሰላሉን፣ ባልዲውን፣ እግር የሌላቸውን ወንበሮች ቆጥሮ ሲያበቃ እሷንም ቆጠራት። ከኮርቻዋ ሥር 418 የሚል ቁጥር ለጠፈባት። አቤት ብል የንብረት ክፍሉ ባልደረባ አዝኖ፣ «እትዬ፣ አንዴ ከተለጠፈ እኮ በቃ፣ ከእጃችን ወጣ» አለኝ። የእኔ መሆኗን ለማስረዳት ደረሰኝ አምጪ ተባልኩ። አናጢው መጋዝ እንጂ ደረሰኝ የለውም። እርስዎም በሦስተኛው ማመልከቻዬ ጀርባ «የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ለግለሰብ አይሰጥም» ብለው መሩበት። ብስክሌቷ በታሰረችባቸው አሥር ቀናት እህቴ ፈረቃ የሚቀይሯትን ስትለማመጥ ሰንብታ፣ በመጨረሻ የሚለመን ባልደረባ አለቀባት።

ስለዚያች አንዲት መስመር ግን ከልቤ አመሰግናለሁ። መመሪያ ሳስቀምጥ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ እርስዎ ራስዎ የፈረሙበትን የስምሪት መመሪያ ከመደርደሪያው አወረድኩ። አንቀጽ አሥራ ሁለት፣ ጎማ ያለው ማናቸውም የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ቁጥሩን ለጥበቃ አሳይቶ ያለ መውጫ ፈቃድ ይወጣል፣ ሠራተኛንም ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት ያመላልሳል ይላል። በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ የግምጃ ቤቷ ኃላፊ ሁለቴ አነበበችው፤ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ቁልፉን አነሳች። ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን 418ን አሳያለሁ፤ ጥበቃውም በሩን ወለል አድርጎ፣ ለእርስዎ መኪና የሚሰጠውን ሰላምታ ይሰጠናል።

ትናንት አንቀጽ አሥራ ሁለትን ለመሰረዝ ረቂቅ ማስጻፍዎን ሰማሁ። ይሰርዙ። የእኔ ከሆነች ቁጥርዎን ይንቀሉ፤ የእርስዎ ከሆነች ጎማዋን ያስነፉ፣ ሰንሰለቷንም ዘይት ያስቀቡ። እኔና እሷ በዚያ በር ሳንወጣ የምንቀርበት ቀን ግን አይኖርም፤ ከተቆለፈም በአጥሩ አሻግሬያት እወጣለሁ። እህቴ ከዚያ ሐሙስ ወዲህ አንድም ቀን አላረፈደችም። እናቴ ደወሌን ስትሰማ እህቴን «ሰርቪሷ መጣች፣ ሂጂ አንቺ» እያለች ትስቃለች። ከወደቀች ወዲህ ስትስቅ ሰምተናት አናውቅም ነበር።

ለወገብዎ ምሕረትን፣ ለስብሰባዎችዎ ፍጻሜን የምመኝ፣
በሁለት ጎማ የምገባ የምወጣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዎ

ግልባጭ፦
ለጥበቃ ክፍል፣ ከምስጋና ጋር
ለቆጠራ ኮሚቴ፣ ከበለጠ ምስጋና ጋር
ፒካፑ ውስጥ ለምትኖረው ድመት፣ እንድታውቀው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጠዋት ጠዋት አደባባዩ ጋ መኪናዎ በመኪና ሰልፍ ተይዞ ሳልፍዎ በደወሌ እጅ እነሳለሁ፤ ከኋላ ወንበር እንቅልፍ ስለሚጥልዎ አይሰሙኝም። ከእኔ አንድ ሰዓት ዘግይተው ቢደርሱም በሰዓት መቆጣጠሪያው ላይ ከእኔ የቀደመ ሰዓት ሞልተው እንደፈረሙ አይቼ ተደንቄአለሁ። ረቂቅዎ ቁጥር እንዲወጣለት ወደ እኔ ሲመጣ በወጉ አወጣለታለሁ፤ እነዚያን የፊርማ ገጾችም አባሪ አደርግለታለሁ። ይጠፋሉ ብለው አይስጉ፤ በራሴ እጅ አስቀምጫቸዋለሁ።