ሁለቱ ያረጁ ክብደቶች

ይድረስ ለአባቴ ለመሪጌታ ገብረ ክርስቶስ፤ ቁንዝላ።

ጉልበትዎን በናፍቆት እየሳምሁ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ያ የወገብዎ ሕመም ለቀቀዎ? ማኅሌቱንስ እስከ መጨረሻው ይቆማሉ? የእናቴስ ዓይን ተሻላት? እኔ ለአካሌ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በልቤ ያለውን ልነግርዎ ሁለት ጊዜ ደወልሁ፤ ድምፅዎን ስሰማ ግን ስለ አዝመራው ብቻ ጠይቄ ዘጋሁት።

ሙሉነሽ የምትባል አዋላጅ ነርስ አለች። በየገጠሩ የምትዞርባት ስኩተር ዳገት እምቢ ብላት እኛ ጋራዥ አመጣቻት። ስኩተር ማርሽ በእጅ አይቀየርባትም፤ በውስጧ ያሉ ስድስት ትንንሽ ክብደቶች ሞተሩ ሲዞር ወደ ዳር እየተገፉ ይቀይሩላታል። እነሱ ከቀለሉ ዳገት ትወጣለች። በቀላል ልለውጣቸው ብነሣ ሱቅ ውስጥ ያገኘሁት አራት ብቻ ሆነ። ሌላው እስኪመጣ መጠበቅ ታከተኝና ከወዳደቀው ዕቃ ሁለት ያረጁ፣ ጎናቸው የተበላ አንሥቼ ጨመርሁ። ሙሉነሽንም «ምንም አትሆንም» አልኋት።

በዘጠነኛው ቀን እናትዓለም የምትባል ነፍሰ ጡር ምጥ ጠንቶባት ሙሉነሽን ጠሯት። ዳገቱ ወገብ ላይ ስትደርስ ሞተሩን ከጎማው የሚያገናኘው ቺንጋ ተበጠሰ። አንድ ሰዓት ሙሉ በእግሯ ሄደች። እናትየዋን አተረፈች፤ ሕፃኑ ግን ሞቶ ተወለደ።

ስኩተሯ ተጭና ስትመጣ ፈታኋት። እነዚያ ሁለቱ ከአራቱ ጋር አልስማማ ብለው ቺንጋውን ሲያኝኩት ከርመዋል። የጋራዡ ባለቤት አቶ አዘዘ «ቺንጋ በራሱም ይበጠሳል፤ አፍህን ያዝ» አለኝ። ሦስት ቀን ያዝሁ። በአራተኛው ቀን ለሙሉነሽ ሁሉንም ነገርኋት። «በጊዜ ብደርስም ሕፃኑ ይተርፍ እንደነበር አላውቅም» አለች። ቀጥላም «ሥራልኝ፤ ወራቸው የገባ ሌሎች እናቶች አሉ» አለችኝ። ቺንጋውንም ስድስቱንም ክብደቶች አዲስ ገዝቼ፣ ክብደቶቹን በብር አንጥረኛ ሚዛን አንድ በአንድ መዝኜ ገጠምሁ። ሙሉነሽን ከኋላ አስቀምጬ የቤዛዊትን ዳገት ወጣሁ፤ ስኩተሯ አላቃሰተችም።

ከዚያ ሙሉነሽ እናትዓለም ቤት ወሰደችኝ። ድንጋይ ተሸክሜ እግሯ ሥር ወደቅሁ። «አውርደው» አለች እንጂ ማርሁህ አላለችም።

አባቴ፣ ሕፃኑን በጸሎትዎ ያስቡልኝ እንዳልል ክርስትና አልተነሣም፤ የምጽፍልዎ ስም የለውም። የእናቱ ስመ ክርስትና ወለተ ኪዳን ነው። በጸሎትዎ ከእኔ ስም በፊት የእሷን ስም ይጥሩልኝ።

የእናቴን ዓይን፣ የእኅቴን የርሆቦትን ግንባር ይሳሙልኝ። አጎቴን ቢያዝንን እጅ ነሥቻለሁ ይበሉልኝ።

ልጅዎ ጥዑመ ልሳን

ባሕር ዳር፣ ኅዳር ፲፰ ቀን ፳፻፲፪ ዓ.ም.