ኤዲልሶን የለቀማቸው ጉንዳኖች

ኑቢያዬ፣

ጉዋኔ መንደር አደባባይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ። እሁድ እሁድ ብስክሌት ስንነዳ ቦጎታ አስፋልት ላይ ቀድሜሽ ቆሜ የምጠብቅሽ እኔ ነኝ። ከባሪቻራ በሚወርደው የድሮ የድንጋይ መንገድ ላይ ግን ስም ያተረፍሽው አንቺ ነሽ።

ቁልቁለቱን ፈርቼ ብስክሌቴን በእጄ ይዤ ስወርድ፣ መንገዱን የሚጠግነው ድንጋይ ጠራቢ፣ ኤዲልሶን፣ መዶሻውን አስቀምጦ አየኝ።

«ኑቢያ እኮ አምና እግሯን መሬት ሳታስነካ ነው የወረደችው» አለኝ።

«ጓደኛዬ ናት» አልኩት።

«ታዲያ ምነው አላስተማረችሽም?» ብሎ ሳቀ። ሲስቅ እንዴት እንደሚያምር አንድም ቀን አልነገርሽኝም። ለምን እንደደበቅሽኝ አሁን ገባኝ።

ከዚያ ቤቱ ገብቶ እዚህ እንደ ቆሎ የሚበላውን የተቆላ ጉንዳን አንድ ጠርሙስ ይዞ መጣ። ለእኔ መስሎኝ ፀጉሬን አስተካከልኩ። እዚህ አገር ወንድ ለሴት ጉንዳን ከሰጠ እናቷ የሰርግ ወንበር መቁጠር እንደምትጀምር ታውቂያለሽ።

«ለኑቢያ ስጪልኝ» አለኝ። «ዝናቡ እንዳባራ ራሴ ነኝ የለቀምኳቸው። ሰላምም በያት።»

ጉዋኔ እስክደርስ ጨረስኳቸው፤ አንድም አልተረፈም። ደግሞ ጨው በዝቶባቸዋል፣ አትወጃቸውም ነበር።

ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን ዶኛ ብላንካን ሳሚልኝ፤ ድመቴን መግቢልኝ። አደራ በላ ብትይኝ አልፈርድብሽም፤ ሰላምታውን ግን አልበላሁትም። ይኸው፣ ኤዲልሶን ሰላም ብሎሻል።

ማርዮሪ