በእማዬ ስም የተጻፈ ዋስትና

ውድ እታለም፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ ደህና ነን። ይህን ካልኩሽ በቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ፤ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልችልበትም፣ አንቺም ትዕግሥት የለሽም። ባለፈው እሑድ «እማዬ ምን ሆናብኝ ነው? ስልክ ስታነሳ ደህና ነኝ ትልና ላንተ ትሰጥሃለች፤ እንደ ድሮው አታጫውተኝም» ብለሽ ጠየቅሽኝ። «ደክሟት ነው» አልኩሽ። ዋሽቼሻለሁ። ምክንያቱን ካወቅሁት አራት ወር ሊሞላኝ ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ ነገሩን ያበላሸው ራሱ ስልክ ነው፤ ስለዚህ እንደ ጥንቱ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ቁጭ ብያለሁ።

ወደ ውጭ አገር ስትሄጂ የተውሽልኝ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪው እንደደከመ ታውቂያለሽ። አንቺ ስትነጂው ሳምንት ሙሉ ቻርጅ ማድረግ ትረሺ ነበር። እኔ ጋ ግን ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ አድሮ ስልሳ ኪሎ ሜትር ከሄደ እሰየው ነው። ከቤት ሆስፒታሉ ደርሶ መልስ ሃምሳ ስምንት ነው። እማዬን በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት የማመላልሳት በዚያች በሁለት ኪሎ ሜትር ትርፍ ነበር። ማሞቂያ ከተከፈተ ያቺው ትርፍም ትጠፋለች። ስለዚህ ማሞቂያው ተዘግቶ፣ እማዬ ከአሮጌ ካፖርቶች የሰፋችውን ባለ እጅጌ ብርድ ልብስ ለብሳ፣ እኔም ቀኝ ዳሩን ይዤ እየተጎተትኩ፣ ከኋላ ያለው ሁሉ ጥሩምባውን እያስጮኸብኝ ነበር የምንሄደው።

ባትሪውን በምን እንለውጠው ብለሽ ያን ቀን የደወልሽልኝ ከሆስፒታል ስንመለስ ነው። እማዬ ከእጥበት በኋላ እንደ ልማዷ የኋላ ወንበር ላይ ጋደም ብላ ዓይኗን ጨፍናለች። መኪናው ድምፅ ስለሌለው ትንፋሿ ይሰማኛል። ስልኬ ደግሞ ገና ስገባ በራሱ ከመኪናው ስፒከር ጋር ይገናኛል። ይህን አንቺ አታውቂም፤ እኔ ግን አውቃለሁ፣ ማጥፋት ነበረብኝ። «ተኝታለች» ብዬ ድምፁን ትንሽ ዝቅ አደረግሁና ተውኩት።

ያልሽውን ላስታውስሽ። «ሐኪሙ ሁለት ዓመት ካገኘች ጥሩ ነው ብሏል አላልክም? ታዲያ የስምንት ዓመት ዋስትና ያለው አዲስ ባትሪ ምን ያደርግልናል? ለእማዬ ዕድሜ ያገለገለው ይበቃል።» በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ያገለገለው ዛሬውኑ ይገጠማል፣ አዲሱ ታዞ እስኪመጣ ሦስት ወር ይፈጃል፤ አንቺ ያሰብሽው ብርዱን ነው። ደግሞም እኔን የሚያሳፍረኝ የራሴ መልስ ነው። «እውነትሽን ነው፣ አሮጌው ይበቃታል» አልኩሽ። ለማሰብ እንኳ አልቆምኩም፤ ስለ ጎማ የምናወራ ይመስል ነበር።

ስልኩን ዘግቼ በመስታወት ወደ ኋላ ሳይ የእማዬ ዓይኖች ተከፍተዋል። ጣሪያውን ነበር የምታየው። «ደረስን እንዴ?» አለችኝ፣ ልክ አሁን እንደነቃ ሰው። «ትንሽ ቀረን» አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ባትሪ ወደሚሸጠው ሰው ውሰደኝ።»

«አንቺ ምን ታደርጊያለሽ እማዬ? እኔ እጨርሰዋለሁ።»

«ስለ አሮጌና አዲስ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?»

ምን ልበላት? አርባ ዓመት የሰው ልብስ ስትገለብጥና ስትጠግን የኖረች ልብስ ሰፊ ናት። ያንቺ ቀይ ሹራብ እኔ ላይ አልፎ፣ የወንበር ልብስ ሆኖ አይደል ጡረታ የወጣው? አሮጌውን እንደምትመርጥ ስለገባኝ፣ ይቅር ይበለኝና፣ ቅልል አለኝ።

መካኒኩን ሰፈሩ «ቀስ በሉ» ይለዋል፤ ለመጣ ሰው ሁሉ እንዲያ ስለሚል ነው። ያገለገለውን ባትሪ አሳየን። ከተጋጨ መኪና የወጣ፣ የፍራሽ ያህል የሰፋ ጠፍጣፋ ሳጥን ነው። እማዬ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች።

«ማን ነበር የሚነዳው?»

«እሱን እንኳ አላውቅም እናቴ። ግን ለክቼዋለሁ፤ ከአቅሙ ከመቶ ሰባ ስምንቱ አለ። ሁለት፣ ግፋ ቢል ሦስት ዓመት ያገለግልዎታል።»

«ከዚያስ?»

«ቀስ ይበሉ እንጂ እናቴ! መጀመሪያ ሁለቱን ዓመት እንጨርስ።»

ሳቀች። ሳጥኑ ውስጥ ብዙ ትናንሽ ባትሪዎች እንደተደረደሩ፣ አንዷ ከደከመች ሌሎቹም በእሷ ልክ እንደሚወርዱ አስረዳት። «እንደ ቤተሰብ ነዋ!» አለችው። ወደ እኔ ግን አልዞረችም። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች።

«ስማኝ ልጄ፣ እኔ አሮጌ አልንቅም። ልጆቼን በአሮጌ ነው ያሳደግኋቸው። አንተ አዲሱን እዘዝልኝ።»

«ሦስት ወር ይፈጃል እኮ።»

«እጠብቃለሁ።»

«የስምንት ዓመቱ ዋስትና በልጅዎ ስም ይሁን?»

«በእኔ ስም! ስምንት ዓመት አይደል ያልከው? የምፈርመው እኔ ነኝ።»

ክንዷ በመርፌው ብዛት አብጦ ስለነበር ለመፈረም ጊዜ ፈጀባት። ሰውየው ያን ጊዜ ብቻ ቀስ በሉ አላለም።

ስንመለስ መንገድ ላይ «እማዬ፣ የትናንቱ ነገር...» ብዬ ጀመርኩ።

«ሁለታችሁም ሂሳብ ታውቃላችሁ» ብላ አቋረጠችኝ። «ሂሳቡም ልክ ነው። እኔ ግን ሂሳብ አልጠየቅኋችሁም። በሕይወቴ ስንቱን ሰው ለካሁ፤ እንዲለብስ ነው የለካሁት። እናንተ ግን በቁሜ ልትገንዙኝ ለካችሁኝ።»

ትራፊክ መብራት ላይ ቆሜ አለቀስኩ። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ጥሩምባው ሲነፋብኝ እማዬ ትከሻዬን በጣቷ ነካ አደረገችኝ። «ንዳ እንጂ! አንተ ስታለቅስ ባትሪው ያልቃል።»

ለአንቺ «አዲሱን ለማዘዝ ወሰንኩ» ብቻ ነበር ያልኩሽ፤ «ለምን አልሰማኸኝም?» ብለሽ አንድ ሳምንት አኮረፍሽኝ። ሌላም የደበቅሁሽ አለ። በሁለተኛው ወር ልቧ አስቸግሯት አምስት ቀን ሆስፒታል ተኛች። እንዳልነግርሽ የከለከለችኝ እሷ ናት፤ እኔም አፌን ይዤ ቀረሁ። የሚያስተነፍሳት ቱቦ አፍንጫዋ ላይ ሆኖ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ባትሪው ደረሰ?» ብላ ነው። አሮጌውን በግድ አስገጥሜ ቢሆን ይህን ሁሉ ብርድ ባልጠጣች ነበር እያልኩ ራሴን ስበላ ሰነበትኩ። እስከ ዛሬም የትኛችን ልክ እንደነበርን አላውቅም። ግን በዚያ አልጋ ላይ የምትጠብቀው ነገር ነበራት፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ባትሪው ሐሙስ ዕለት ተገጠመ። እማዬ ከፊት ካልተቀመጥኩ ብላ ተቀመጠች፤ ማሞቂያውን በእጇ ከፍታ እስኪያልበኝ ድረስ አላጠፋ አለች። ከዚያ ቁጥሮቹን በጣቷ እያሳየች ትጠይቀኝ ጀመር።

«ይሄ ምን ማለት ነው?»

«ሳይቆም ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ይሄዳል ማለት ነው።»

«አየር ማረፊያው ስንት ነው?»

«ዘጠና።»

«ደርሶ መልስ ይበቃዋላ?»

«ይበቃዋል።»

«ማሞቂያውም ተከፍቶ?»

«ተከፍቶም።»

«እንግዲያው ጨርቅ መሸጫው ጋ አቁምልኝ» አለችኝ።

ደንበኛ ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ጨርቅ ገዛች። ይኸው መቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታው ስትዳስሰው ትውላለች፣ መቀስ ግን አላስነካችውም። «የማን ነው?» ብላት «የእህትህ ካፖርት» አለችኝ። «ታዲያ ለምን አትቀጂውም? ልኳ ደብተርሽ ላይ አለ አይደል?» አልኳት። «እሱ ከስድስት ዓመት በፊት የለካሁት ነው። ትከሻዋ ሰፍቶም ይሆናል፣ ከስታም ይሆናል። ልጄን በአካል ሳልለካ አልቀድም» አለችኝ።

እታለም፣ ጻፍላት አላለችኝም። ይቅርታሽንም በስልክ አትላኪው፤ ስልክ ያደረገንን አይተናል። የበረራሽን ቀን ብቻ ንገሪኝ። ማሞቂያው ተከፍቶ፣ እማዬ ከፊት ተቀምጣ እንመጣለን። አንቺ ከኋላ ትቀመጫለሽ፣ እሷ ጋደም ብላ የሰማችን ቦታ ላይ፤ የምትነግሪያትን እዚያ ሆነሽ ትነግሪያታለሽ። እኔ መንገዱን አያለሁ።

ብቻ አትቆዪ። የልብስ መለኪያ ሜትሯን ከሐሙስ ጀምሮ ከአንገቷ ላይ አላወረደችውም።

በሄድሽበት ሁሉ ስለምከተልሽ «ጅራቴ» ትይኝ የነበርሽው፣

ወንድምሽ