ለእኔ ያልተላከ ድምፅ

እሑድ

ጄኔሬተሩ በስንት መከራ ተነሳ። ዮናስ ገመዱን ሲስብ መዳፉን ላጠው። ጋሽ ታደሰ «ቀስ በል እንጂ፣ የምትጎትተው በሬ አይደለም» እያሉ ሳቁበት።

መካኒሳ አቦ፣ ጋሽ ታደሰ ቤት ሙሉ ልምምድ አደረግን። ቅዳሜ ወንጪ እንወጣለን። ተራራው ላይ ድንኳን ተክለን፣ አንቴና ዘርግተን፣ በየአገሩ ያሉ አማተር ራዲዮኞችን እንጠራለን። ከኢትዮጵያ የሚጠራቸው ሰው ብዙ ስለሌለ ከወዲሁ እየጠበቁን ነው። አራት ነን፦ ይህን ነገር ለሁላችንም ያስተማሩን ጋሽ ታደሰ፤ ብስራተ ገብርኤል ፋርማሲ የምትሠራው ልጃቸው አለም፤ መኪናውም ቀልዱም የእሱ የሆነው ዮናስ፤ እና እኔ።

የምንይዘው የጋሽ ታደሰን ከባድ ራዲዮዎች አይደለም። ኤስዲአር ነው፤ ላፕቶፕ ላይ የሚሰካ ትንሽ ሳጥን፣ ዋናውን ሥራ ሶፍትዌሩ የሚሠራለት። አንድ ጣቢያ ብቻ አይደለም የሚሰማው። በዙሪያው ያለውን ሁሉ ባንዴ ይሰማል፤ እያንዳንዱን ድምፅ ስክሪኑ ላይ እንደሚወርድ የቀለም መስመር ያሳያል፤ ከተፈለገም ሁሉንም ይቀዳል። ይሄ ካልሆነ ብላ ሙጭጭ ያለችው አለም ናት። እኔ «ፋሽን ነው» ብያት ተከራክረናል።

የሚቀሩ፦ የዝናብ ልብስ። ትርፍ ኬብል። የድንኳኑ ካስማ (ዮናስ ጠፋብኝ ይላል)።

ራዲዮው ላይ አንድ ጫጫታ አለ፤ ደካማ ድምፆችን ይውጣል። ምንጩን በኋላ እንድፈልግ መቅጃውን ከፍቼ ትቼ ከጋሽ ታደሰ ጋር ለምሳ ገባሁ። አለምና ዮናስ የእጅ ራዲዮ እየሞከሩ ነበር፤ እሷ ጣራ ላይ፣ እሱ መኪናውን ይዞ ወደ ብስራተ ገብርኤል።

ማይክ ማን እንደሚይዝ አልተነሳም። እኔም አላነሳሁም። ተብታባ ነኝ። እስካሁን በሞርስ፣ በአጭርና በረጅም ምት ብቻ ነው የምሠራው፤ በሞርስ ማንም አያውቅብኝም። ወንጪ ላይ ግን በራሴ ድምፅ መጥራት እፈልጋለሁ። ይህን ለባለቤቴ ለሰብለ እንኳ አልነገርኳትም።

ሰኞ

ጫጫታው የብየዳ ነው። ከጋሽ ታደሰ ጎን በሚሠራው ፎቅ ላይ ሲበይዱ የሚመጣ። ቤቴ ቅጂውን ከፍቼ አገኘሁት። ምነው እዚያ ላይ ባቆምኩ።

ስክሪኑ ላይ ሌላ ቀጭን መስመር አየሁ፤ እኛ የማንጠቀምበት ቦታ ላይ። ነካሁት። የዮናስ ድምፅ። ለካ ቻናል ቀይረው እያወሩ ነበር።

«ሄኖክን ማይክ ላይ ካስቀመጥነውማ አለቀልን» ይላል። «ስማችንን ጠርቶ ሳይጨርስ የሚጠብቀን ሰው ሁሉ ይተኛል።»

ከዚያ እኔን ሆኖ ተናገረ። የአገራችን የራዲዮ መጠሪያ በ«ኢ» ይጀምራል፤ ምላሴ የሚያዘው እዚያው ላይ ነው። ዮናስም እዚያው ተያዘ። አንገቴን እንደምሰብቅ ሳይቀር በድምፁ አስመሰለው። አለም ሳቀች።

ዘጋሁት።

ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም። ብቻዬን አፈርኩ። ሰው ብቻውን ሲሆን እንዲህ እንደሚያፍር አላውቅም ነበር።

ማክሰኞ

ለቡ፣ አዲሱ ሕንጻ ላይ ሊፍት ስገጥም ዋልኩ። ሁለት ጊዜ ብሎን ጣልኩ። ዮናስ ደወለ፤ «ወንድሜ፣ ካስማው ተገኘ!» ደስ ብሎታል። እኔም «ጎሽ» አልኩት። ድምፄን ጠላሁት።

አየር ላይ የተነገረ የሁሉም ነው፣ መስማት ወንጀል አይደለም እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ዋልኩ። ጋሽ ታደሰ ግን መጀመሪያ ቀን ያስተማሩን ሌላ ነው። «ለእናንተ ያልተላከ ነገር ጆሯችሁ ከገባ እዚያው ይቅር።»

ቅጂውን አላጠፋሁትም።

ረቡዕ

እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም። ብቻ ልጻፈው።

ጋሽ ታደሰ ሳሎን ተሰበሰብን። ፈረቃ ስንከፋፈል ዮናስ ለስላሳ ድምፁን አወጣ። «ሄኖክ ጄኔሬተሩንና አንቴናውን ይያዝልን። በቴክኒኩ ማን ይስተካከለዋል?»

ጋሽ ታደሰ ራሳቸውን ነቀነቁ። አለም ወረቀቷን ታያለች።

እኔ ተረጋግቼ፣ አንድም ሳልንተባተብ፣ «ቆይ፣ መጀመሪያ ያገኘሁትን ጫጫታ ላሰማችሁ» አልኩ። ይህቺን ዓረፍተ ነገር መንገድ ላይ ተለማምጃት ነበር።

ከፈትኩት። የዮናስ ድምፅ ሳሎኑን ሞላው። «ስማችንን ጠርቶ ሳይጨርስ...» ፊቱ አመድ መሰለ። ማስመሰሉ ሲጀምር ጋሽ ታደሰ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ከዚያ የአለም ሳቅ መጣ። እኔ ሰኞ ያቆምኩት እዚህ ላይ ነበር። አሁን ግን አላቆምኩም። ዮናስ ሲቀልጥ ማየት ጣፈጠኝ።

ሳቋ አለቀና የአለም ድምፅ ቀጠለ። «ተው ዮናስ፣ በቃ። ነውር ነው። እሱ ቢንተባተብም ጆሮው ይሰማል። ማይክ የማይገባኝ እኔ ነኝ። ግራ ጆሮዬ እኮ ከሄደ ቆየ፤ ሐኪሞቹ ቀኙም እየተከተለው ነው ብለውኛል። ለአባዬ አሁንም አልነገርኩትም። ይሄን ከሰማ ይሞትብኛል።»

ያኔ ነው እጄ ላፕቶፑን የዘጋው።

የአለምን ጆሮ የማያውቅ የለም። ጋሽ ታደሰ ሞርስ ያስተማሯት ገና ፊደል ሳትቆጥር ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይህቺ ልጅ ዝናብ ውስጥ የወፍ ክንፍ ትሰማለች» ይላሉ።

ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። «ልጄ ያልነገረችኝን ከሳጥን ሰማሁት» አሉና ወደ ጓዳ ገቡ። አለም «አባዬ!» ብላ ተነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞራ አየችኝ። በቁጣ ቢሆን በቻልኩት ነበር። አላመነችም፤ እኔ ያደረግኩት ስላልመሰላት ሌላ ሰው የምትፈልግ ትመስል ነበር።

ደጅ ላይ ዮናስ ያዘኝ። «የእኔን ጥፋት ለብቻዬ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

ላፕቶፑን አቅፌ ታክሲ ፍለጋ ሄድኩ። 

ለሰብለ ነገርኳት። ከኔ ጎን የምትቆም መስሎኝ ነበር። «የሰደበህ ዮናስ» አለች። «የቀጣኸው ግን አለምን።»

ሐሙስ

አለም ስልክ አታነሳም።

ዮናስ ግን ራሱ ደወለ። «ስለ ምላስህ ያልኩት... ባለጌ ነኝ። እሷን ለማሳቅ ነበር፤ ከሐኪም ቤት ከመጣች ጀምሮ ስቃ አታውቅም።» ለካ ከእሑድ በፊትም ያውቅ ነበር። ምስጢሯን ይዞላት ነበር።

ከሥራ አስፈቅጄ መካኒሳ ሄድኩ። ቢያባርሩኝ እፈልግ ነበር። ጋሽ ታደሰ ግን «ግባ» ብለው ወንበር ሰጡኝ።

«ይ... ይ... ይቅ...» ስል እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ። እኔ ልናገር። ማን ነው እንድትፈራኝ ያደረጋት? በጆሮዋ በሰው ሁሉ ፊት ስኮራ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ታዲያ እንዴት አድርጋ ትንገረኝ? እኔ ነኝ ያፈርኩት።»

«ጋሽዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«የአንተማ አለ። እሱን አልወሰድኩብህም።»

ከዚያ የነገሩኝን ልጽፈው ይከብደኛል። ትናንት አባትና ልጅ ሲያወሩ አመሹ። አለም ካለፈው ክረምት ጀምሮ ራዲዮ የምትሠራው በዓይኗ ነው። ድምፁ ሳይለይላት በፊት ስክሪኑ ላይ ቀለሙን ታየዋለች፣ እዚያ ላይ ትሄዳለች፣ ድምፁንም ሶፍትዌሩ ጠቅልሎ ወደ ቀኝ ጆሮዋ እንዲልከው አድርጋለች። በአሮጌዎቹ ራዲዮዎች ይህ አይሆንም። ኤስዲአር ካልሆነ ብላ ሙጭጭ ያለችው ለዚህ ነው።

«ፋሽን ነው» ብያት ነበር። ሰው ፊት።

ጉዞው እንዴት ይሁን ስላቸው፣ «እሷ ካልወጣች እኔ አልወጣም» አሉ።

ዓርብ

ብስራተ ገብርኤል። ፋርማሲው ውስጥ ሰው ሞልቷል። ተሰለፍኩ። አንዲት እናት በግራዋ በኩል ቆመው «የኔ ልጅ» ቢሏት አልሰማቻቸውም። ደግመው ሲሏት ፈገግ ብላ መላ ሰውነቷን አዞረች። ስንት ጊዜ እንዲህ ስትዞር አይቻለሁ! ትሕትና ይመስለኝ ነበር።

ተራዬ ደረሰ። «ምን ልስጥህ?» አለችኝ፣ ለማንኛውም ሰው እንደምትለው።

አፌን ከፈትኩ። ተያዝኩ። አንገቴ ተሳበ። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ተነፈሰ። አለም ጠበቀችኝ፤ ብዙ ጠበቀችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ «ከኋላህ ሰው አለ» አለች።

ጉንጬ እየነደደ ወጣሁ። ወደ ለቡ የሚሄደው ታክሲ ውስጥ ሆኜ ቅጂውን አጠፋሁት፤ ከላፕቶፑም፣ ካስቀመጥኩበት ፍላሽም። አጥፍቻለሁ ብዬ ጻፍኩላት። ይቅርታ ብዬም ጻፍኩ፤ ደለዝኩት። ጽሑፍ ላይ አልንተባተብም፤ ቀለለብኝ። ይህ ቀላል መሆን የለበትም።

ለዮናስም እኔ እንደምቀር ነገርኩት። ከእኔ ይልቅ እሷ ትውጣ። ጄኔሬተሩን ማስነሳት ይችላል፤ መዳፉ ከዳነ።

አመሻሹ ላይ ከአለም አንድ መስመር መጣ። «መቅረት ቀላሉ ነው። ጠዋት እንወስድሃለን።»

ደጋግሜ አነበብኩት። ቁጣ ይሁን ግብዣ አልለየሁም። ሰብለ ግን ሹራቤን ሻንጣ ውስጥ ከተተች።

ቅዳሜ

ወሊሶ፣ ቁርስ ቤት በረንዳ ላይ ነኝ።

ጠዋት መጡ። ዮናስ ይነዳል፣ ጋሽ ታደሰ ከፊት፣ አለም ከኋላ በቀኝ ወንበር። ሰላም አልኳቸው። ጋሽ ታደሰ «ብርድ ልብስ ይዘሃል?» አሉኝ። ይዣለሁ። በግራ ያለውን የኋላ በር ከፈትኩ።

«በዚያ አይደለም» አለች አለም።

 ሁሉም ፊት ልታወርደኝ ነው አልኩ፤ ይገባኛልም አልኩ። እሷ ግን ቦርሳዋን አንስታ ተንሸራተተች፤ ወደ ግራው ወንበር። «ዞረህ በዚህ ግባ። በግራዬ ከሆንክ አልሰማህም።»

ዞሬ ገባሁ።

 ከለቡ እንደወጣን ጀመርኩ። «አ... አለም፣ እኔ...» ተያዘ። ዮናስ በመስታወቱ አላየኝም፤ መንገዱን ብቻ። ጋሽ ታደሰ በመስኮት ያያሉ። አለም ዓይኗን ወደ ፊት አድርጋ ቀኝ ጆሮዋን ሰጠችኝ። አልረዳችኝም፤ ቃሉን አልሞላችልኝም። መኪናው ሰበታን ሲያልፍ ነው የጨረስኩት፦ ዮናስን ላሳፍረው ብዬ እንደሆነ፣ ማቆም ስችል እንዳላቆምኩ፣ ስለ ራሴ የሚባለውን ለመስማት ስስገበገብ የእሷን ምስጢር እንደበተንኩ። ፋሽን ማለቴንም። ሁሉንም።

«ሰማሁ» አለች።

ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም። ጠበቅኩ።  ትንሽ ቆይቶ ከአባቷ ጋር ስለ አንቴናው ቁመት መከራከር ጀመሩ፤ ጋሽ ታደሰ ወደ ኋላ ዞረው፣ ከንፈራቸውን እንድታይላቸው ቀስ እያሉ።

አሁን አለም ባንኮኒው ጋ ቆማ ሻይ እያዘዘች ነው። ለሦስት ሰው ይሁን ለአራት ያዘዘችው ከዚህ አይሰማም።