የተነሳችው የዛጎል ዓሣ

ውጫሌ፣ ጥር 12 ቀን 2014 ዓ.ም.

ቢስሚላህ።

ጅዳ ላለሽው ለባለቤቴ ለኡሙሀኒ፤ አሰላሙ ዓለይኪ። እኔ ጁማ አልሐምዱሊላህ ጤነኛ ነኝ። ናፍቀሽኛል። ይህን በስልክ መናገር አቅቶኝ ነው ብዕር ያነሳሁት።

እህትሽ ሀፊዛ እንደነገረችሽ፣ ጦርነቱ ሲመጣ አርዲቦ አክስቴ ዘንድ ሸሽተን ከርመን ተመለስን። ቤቱ ቆሟል። የላክሽው ፍሪጅና ቴሌቪዥን ግን የሉም፤ በሩ ሳይቀር ተነቅሎ ሄዷል።

የተረፈው ምን መሰለሽ? ገበጣችን። ሰው ሁሉ ፍራሽ ተሸክሞ ሲሮጥ፣ እኔ ፍየሎቹ በሚያድሩበት ጋጥ ጉድጓድ ቆፍሬ፣ እንዳያዘነብል ቀስ አድርጌ አወረድኩት። ሽርጤን አለበስኩት፤ በላዩ ጣውላ፣ ከዚያ አፈር። ጎረቤታችን ኑርዬ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ «ያ ጁማ፣ ሰው ወርቁን ይቀብራል እንጂ ጨዋታ ይቀብራል ወይ?» አለኝ። ይሳቅ። በጠጠር ፋንታ የምንጫወትባቸው፣ አያትሽ ከዓደን ያመጧቸው የቻይና ዛጎሎች፣ ወደ ጅዳ በሄድሽበት ቀን እንደተውሻቸው በየጉድጓዳቸው ናቸው።

ትናንት አቧራቸውን እፍ ስል በላያቸው የተቀረጹትን፣ የምንጨቃጨቅባቸውን ሥዕሎች አየኋቸው። ድልድይ ላይ የቆመችውን ሴት አንቺ የአምባሰል ሙሽራ ናት ስትይ፣ እኔ ገበያ የረፈደባት ናት እል ነበር። አበባውም፣ ቢራቢሮውም፣ ሮማኑም፣ በዓሣ ቅርጽ የተቆረጠው ዛጎልም፣ ማንም ያላነበበው የፈረንጅ ፊደልም አለ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ መንገድ ለሚሠራ አንድ ቻይና ባሳየው፣ በአስተርጓሚ፣ ሮማኑ ብዙ ልጅ ነው፣ ጥንድ ዓሣ ደግሞ ተስማምተው የሚኖሩ ባልና ሚስት ናቸው አለኝ። እኛ የሐይቅ ዓሣ እያልን ለጥብስ ስንመኛቸው ኖረናል።

«ሌላዋ ዓሣ የታለች?» ብሎ ጠየቀኝ።

ያን ቀን ገበጣ ስንጫወት፣ ወደ ጅዳ የሚልክሽ ደላላ በባጃጅ መጥቶ ጡሩምባ ሲነፋ፣ ዓሣዋን አንስተሽ ገና አላስቀመጥሻትም ነበር። «ከሄድሽ አትመለሺ» አልኩሽ። በእጅሽ እንደያዝሻት ወጣሽ። ዓሣዋ እስካሁን በቦርሳሽ እንዳለች ሀፊዛ ነግራኛለች።

ኮንትራትሽ ሲያልቅ የተዘረፈውን ፍሪጅ ለመተካት ብለሽ ልታድሺው ነው አሉ። ተይው፤ ውሃ በእንስራም ይቀዘቅዛል። አዲስ በር ገጥሜያለሁ፤ ቁልፍ ግን አልገዛሁለትም።

እናትሽ ከዱዓዋ አላጎደለችሽም። አላህ በሰላም ያገናኘን።

ገበጣውን ማንንም አላስነካም። ተራው ያንቺ ነው፤ ያነሳሻትን ሳታስቀምጪ እኔ መጫወት አልችልም።

ጁማ