መጥረጊያውን አስቀድሚ

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ጥቅምት 12 ቀን

ይድረስ ለሚጡዬ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

እንዴት ሰነበትሽ ልጄ? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? ካልሲ ደርቢ ስልሽ «እሺ» ብለሽ እንደማትደርቢ አውቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። አክስትሽም እኔ ጋ ሰንብታለች። መቼም እሷ የገባችበት ቤት ዕቃ በቦታው አይገኝም፤ ጨው እንኳ ስፈልግ እሷን መጥራት ነው። ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረው ቢመስልሽ አትሳቂብኝ፤ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው የምጽፈው። እስክሪብቶውም አስቸጋሪ ነው። ለምን አልደወልሽም እንዳትይኝ፣ በስልክ ድምፄ ያሳጣኛል።

ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤ ስንጥቅ አለ። «እማዬ፣ የፊታችን ሰኞ ሃይድሮጂኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን እከፍታለሁ፤ ያውም በወርቅ፣ እንዳንቺ» ብለሻል። ሌላ እናት ብትሆን ደስ ብሏት ጎረቤት ትጠራ ነበር። እኔ ወረቀቱን ይዤ ቁጭ አልኩ። ፈራሁ ልጄ።

ትንሽ ሳለሽ ላቦራቶሪ ወስጄሽ፣ ወርቅ ዓይን ከሚያየው በታች ሲደቅ ቀይ ይሆናል ብልሽ «ውሸት!» ያልሽኝ ትዝ ይልሻል? ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ከፍ ባደርግልሽ አፍሽን ከፍተሽ ቀረሽ። ቀለበት ሆኖ ሲቀመጥ ምንም የማይሠራው ወርቅ፣ እንዲያ ሲደቅ ሥራ ይወዳል። ሃይድሮጂኑን ይዞ ከሌላው ቅመም ጋር ያጋባዋል። ያጋባል እንጂ እሱ አያገባም፤ እንደገባ ይወጣል። ይህን አሁን ከኔ ይበልጥ ታውቂዋለሽ። የማታውቂውን ልንገርሽ።

ከወርቁ በፊት የምንሠራበት ጥቁር ዱቄት ነገረኛ ነበር። ደርቆ አየር ከነካው ቦግ ይላል። እሱን ስለምንፈራ ሁሉንም እንፈራ ነበር፤ ይበልጡን የሃይድሮጂንን እሳት፣ በቀን ብርሃን አይታይምና። ስለዚህ ወደ ሃይድሮጂኑ ቧንቧ የሚሄድ ሰው ረጅም የሣር መጥረጊያ ከፊቱ ዘርግቶ ነው የሚራመደው። መጥረጊያው ከነደደ እሳት አለ፤ ካልነደደ እለፍ። እንግዳ የመጣ እንደሆነ «እነዚህ ሰዎች አየሩን ነው የሚጠርጉት?» እያለ ይስቅብን ነበር።

ከዚያ ወርቁ መጣ። ጨዋ ነው፤ አየር ቢነካው አይቆጣ፣ ቢደርቅ አይነድ። አለቃችን፣ «ቶሎ በሉ» ከአፉ ስለማይጠፋ በዚሁ ስም የምንጠራው፣ «አሁንማ ምን መጥረጊያ ያስፈልጋል? ከመጥረጊያ ጋር ስትሽከረከሩ ቀኑ መሸ!» አለን። እውነት መሰለን። መጥረጊያው ወለል መጥረግ ጀመረ። ጨዋው ወርቁ ነው እንጂ ሃይድሮጂኑ ያው ሃይድሮጂን መሆኑን የሚያስታውስ ጠፋ።

ባለፈው ወር አንዲት ባልደረባዬ ላይ አደጋ ደረሰ። አታውቂያትም። ክፍሉ በፀሐይ ወለል ብሏል። ከቧንቧው መጋጠሚያ የሚያፏጭ ድምፅ ሰማች። ጋዝ ሲያፈስ የሚጮኸው መሣሪያ ግን ዝም ብሏል። ለካስ የሚያፈሰው ጋዝ እዚያው እየነደደ ስለሚያልቅ ወደ መሣሪያው የሚደርስ አልነበረም! እሷ ግን መሣሪያው ዝም ካለ ቀላል ነገር ነው ብላ፣ መፍቻ አንስታ፣ መጋጠሚያውን ላጥብቀው ብዬ እጄን ስዘረጋ

እጇን ስትዘረጋ ማለቴ ነው። ቀለም አይፋቅም፣ እንዲሁ ይቅር።

ምንም አይታይም ነበር ሚጡዬ። መስኮቱ፣ ቧንቧው፣ የገዛ እጇ፤ ሌላ ምንም። መጀመሪያ ያየችው የጓንቷ ጣቶች ሲኮማተሩ ነው። የጋዙን ዋና ቁልፍ ሮጦ የዘጋው ራሱ «ቶሎ በሉ» ነው። አሁን ያ ቃል ከአፉ ጠፍቷል። ሊጠይቃት ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ጫማውን ሲያይ ቆይቶ ይሄዳል። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እሷ ላይ የደረሰው ግን መፍራት የተወችው ነው።

አክስትሽ ከኋላዬ ቆማ እያነበበች ነው።

«እውነቱን ለምን አትጽፊላትም?»

«ብጽፍላት ትምህርቷን ጥላ ትመጣለች።»

«ትምጣ!»

«አትመጣም! ይልቅ ወረቀቱን ያዢልኝ፣ ይንሸራተታል።»

የምንባባለውንም አብሬ ጻፍኩት፤ የእህትማማች ነገር ነው፣ ልብ አትበይው። እሷ እያለች ምንም አልጎደለብኝም። ፀጉሬን ታበጥርልኛለች፣ የሹራቤን ቁልፍ ትቆልፍልኛለች፤ ተሞላቅቄያለሁ። ብቻ እባብ ያየ በልጥ በረየ፣ ማንቆርቆሪያው ማፏጨት ሲጀምር ከማድቤቱ ወጥቼ በረንዳ ላይ እቆማለሁ። አክስትሽ አውርዳው ትጠራኛለች።

እንግዲህ ልለምንሽ። ተዪው አልልሽም። አፌ ላይ ደርሶ ስንቴ መለስኩት። ያን ቀይ ብልቃጥ ያሳየሁሽ እኔ ነኝ፤ ስትወጂው አይቼ ደስ ያለኝም እኔው ነኝ። ብቻ ሰኞ ብቻሽን አትክፈቺ። ዋናው ቁልፍ ጋ አንድ ሰው ይቁምልሽ። የሚያፏጭ ነገር ከሰማሽ እጅሽን ሰብስበሽ ወደ ኋላ በይ። መጥረጊያም ያዢ፤ የሚስቅ ይሳቅ። «እማዬ፣ እዚህ እሳት የሚያይ መሣሪያ አለ» እንደምትይኝ አውቃለሁ። ይኑር፣ ይይ። አንቺ ግን መጥረጊያውን አስቀድሚ።

ስትጨርሺ ደውይልኝ። ስልኩን አክስትሽ ታነሳዋለች፤ እኔ አጠገቧ ነኝ፣ ጆሮዬ ላይ ትይዝልኛለች።

ፈጣሪ ከሚታየውም ከማይታየውም ክፉ ይሰውርሽ። የጀመርሽው ይቅናሽ። በሄድሽበት ሰው አያሳጣሽ። እጅሽን ይባርክልሽ ልጄ፤ ሁለቱንም።

እናትሽ